የረቡዕ አራተኛ ክፍለ ጊዜ

የእህቴ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ናት። እኔ ደግሞ በዚያው ትምህርት ቤት ጡረታ እስክወጣ ሃያ ስድስት ዓመት ወለል ወልውያለሁ። ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ሰው ስለ እሷ ሲጠየቅ «ጎበዝ የሒሳብ አስተማሪ ናት» ብሎ ያልፋል። በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሒሳብ ሌላም ሰው ያስተምራል። እሷ የሠራችው ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ደግሞ ቀሟት። ሲቀሟት የኔም እጅ ነበረበት፤ እሱንም አልደብቅም፣ እደርስበታለሁ።

ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ያነበብኩት ጥቁር ሰሌዳ ሳጠፋ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ከተዘበራረቀብኝ ይቅርታ አድርጉልኝ። የተናደደ ሰው ደግሞ መስመር አይጠብቅም።

እህቴ የምትኖርበት አካባቢ ከስምንተኛ ክፍል በላይ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ልጅቱን ወደ እኔ ላከቻት። እኔ በምሠራበት ግቢ አራት ዓመት ተማረች። አራቱንም ዓመት የክፍሏ ኃላፊ አንድ መምህር ነበር። ስሟን አያውቅም። መስኮት ሥር ስለምትቀመጥ «አንቺ፣ የመስኮቷ» ነበር የሚላት። በሦስተኛው ዓመት ቦታ ቀየረች። «አንቺ፣ የድሮ መስኮቷ» አላት። ያን ቀን ቤት ገብታ ነገረችኝና ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን የሷ ፊት አልተመለሰም። «አክስቴ፣ ብሞት እኮ ማን እንደሞተ አይነግሩሽም» አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ተመልሳ እዚያው ተቀጠረች። እኔ የወለወልኩት ክፍል ገብታ ታስተምራለች። ተማሪዎቹ «ቲቸር ቆይ» አሏት። አንድ ልጅ ሲጠይቃት ቶሎ አትመልስም፤ «ቆይ» ትልና ጠመኔውን አገጯ ላይ አድርጋ ታስባለች። አገጯ ሁልጊዜ ነጭ ነው። ቤት ስትገባ የምጠርግላት እኔ ነበርኩ።

አምስተኛ ዓመቷ ላይ ከበላይ መሥሪያ ቤት መመሪያ መጣ። በየሳምንቱ ረቡዕ፣ አራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ «የምክር ክፍለ ጊዜ» ይሁን ይላል። እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ ያንን አርባ ደቂቃ ትምህርቱን ትቶ ከልጆቹ ጋር ስለ ኑሯቸው ይነጋገር፣ ያዳምጣቸው፣ ያውቃቸው። የእህቴ ልጅ ወረቀቱን አንብባ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «በኛ ጊዜ ይህ ቢኖር ኖሮ» አለች። የአሥራ አንደኛ ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ አርባ ሁለት ልጆች።

የመጀመሪያው ረቡዕ ወንበሮቹን ክብ አድርጋ ደረደረች። እኔ ኮሪደሩን እየወለወልኩ በተከፈተው በር እሰማለሁ።

«እስቲ ሰሞኑን ያስጨነቃችሁን ነገር እንጫወት» አለቻቸው።

ከክቡ ወዲያ ማዶ አንዱ፣ «ቲቸር፣ እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ወንበር ነው። እግሩ ሊወልቅ ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በቃ፣ አርባ ደቂቃው በዚያው አለቀ። አንዱ ሲያዛጋ ሌላው ሲያፏጭ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ጽዳት ክፍሌ መጣች። ከደረጃው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ በረኪና በረኪና የምትሸት። ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች።

«አልቻልኩም አክስቴ። እንደዚያ ፊት ለፊት ተፋጠው አንድ ቃል አልወጣቸውም።»

«ዓይን ዓይኑን እያዩት የሆዱን የሚያወራ ማን አለ? እኔና እናትሽ የሆዳችንን የምንጨዋወተው ልብስ ስናጥብ ነበር። እጃቸውን ሥራ አስይዢው።»

«ቆይ» አለች።

«ደግሞ አንቺ ገና አታውቂያቸውም። እኔ ግን አውቃቸዋለሁ።»

«አንቺ? ከየት?»

«ከቆሻሻ ቅርጫታቸው።»

እውነቴን ነው። አንዱ የፈተና ወረቀቱን አሥራ ስድስት ቦታ ይቀደዋል። ሌላው የአባቱን ፊርማ ገጽ ሙሉ ይለማመዳል። አንዱ «ይድረስ ለማከብርሽ» ብሎ ስምንት ጊዜ ጀምሮ ስምንቴም ጨምድዶ ይጥላል። የሥራ ማስታወቂያ ከጋዜጣ ቆርጦ፣ ማመልከቻ ጀምሮ፣ «ዕድሜ» የሚለው ላይ ሲደርስ ያቆመም አለ። ማን እንደጣለው ለእህቴ ልጅ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ምን እንደተጣለ ብቻ ነው የነገርኳት። ማን ደረጃ ሥር ብቻውን እንደሚበላ ግን ነግሬያታለሁ፤ እሱ ዓይን ላለው ሰው ሁሉ የሚታይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት እኔ ክፍል እየተቀመጥን የረቡዕን እናቅድ ጀመር። «ዛሬ ምን አለ?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። «ቆይ» ትላለች።

መጀመሪያ የወንበሩን ነገር አደረገች። ከላቦራቶሪው ጀርባ ካለው መጋዘን ውስጥ ስንት ዓመት የተከመሩ ስልሳ የሚሆኑ ስብርባሪ ወንበሮች ነበሩ። የንብረት ክፍሉን ሰውዬ ስትጠይቀው «ብትበሏቸውም ግድ የለኝም» አላት። ለሁለት ልጆች አንድ ወንበር፣ ጥንዱን የምትመርጠው እሷ። ብቻዋን የምትበላውን ልጅ ከዚያ ከሚያፏጨው ጋር አደረገቻት። መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ኮላ፣ እንጨት የሚያለሰልስ ሻካራ ወረቀት። አንገታቸውን ደፍተው እየፋቁ፣ እየመቱ፣ ወሬው መጣ። ወሬው ብቻ መሰላችሁ? አንዱ አባቱ ከቤት ከወጣ ሦስት ወር እንደሆነው የተናገረው ምስማር ከጥርሱ መሃል ይዞ ነው። ያኛው ደግሞ ቀና እንኳ ሳይል «የኔ ሁለት ዓመቱ። ምስማሩን አቀብለኝ» አለው። የእህቴ ልጅ ከአጠገባቸው ቆማ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ ብሆን አልቅሼ ነገሩን አበላሸው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ስለዚያ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ስለቆመው ማመልከቻ ነገርኳት። በማግሥቱ «ብቻችሁን ገብታችሁ መጠየቅ የምትፈሩት ቦታ የት ነው?» ብላ ስም ሳይጽፉ አስጻፈቻቸው። ባንክ፣ ክሊኒክ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ የምክትል ርእሰ መምህሩ ቢሮ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንዱን ቦታ በጨዋታ አደረጉት። አንድ ልጅ ከመስኮት ጀርባ ያለ ሠራተኛ ይሆናል፣ ሌላው ባለጉዳይ። አንድ ረቡዕ ኮሪደር ላይ እንዳለሁ ጠሩኝ።

«እትዬ፣ ይምጡ፣ እርስዎ የመስኮቷ ሠራተኛ ይሁኑልን!»

መወልወያዬን እንደያዝኩ ገባሁ። የምታፍር ልጅ ፊቴ ቆመች።

«እ... መታወቂያ ለማውጣት ነበር...»

«ሰዓት አልቋል። ነገ ነይ።»

«ነገም መጥቼ ነበር» አለች ልጅቱ ተደናብራ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሁለተኛውን ጊዜ ግን ቀና ብላ፣ «ሰዓትዎ ላይ ገና ሃያ ደቂቃ አለ፤ እርስዎ ካልቻሉ ኃላፊዎን ይጥሩልኝ» አለችኝ። እኔው ደነገጥኩ። አጨበጨቡላት። ያችን ልጅ ዛሬ ብታዩአት! ግን እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

እንግዲህ ወደ ምክትሉ ልምጣ።

ምክትል ርእሰ መምህሩን ልጆቹ «አቶ ቅጽ» ነበር የሚሉት። ፋይል ከብብቱ አይጠፋም። እንዴት አደሩ ቢሉት «በሁለት ኮፒ ያድርጉልኝ» የሚል ዓይነት ሰው። ክፉ ነው አልልም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ክፉ ሰው ቢያንስ ያየሃል። እሱ ወረቀቱን ነው የሚያየው። የምክር ክፍለ ጊዜው ገና እንደተጀመረ ቅጽ በተነ። ሠላሳ ስድስት ሳምንት፣ ለእያንዳንዱ ሳምንት ርእስ፣ ዓላማ፣ ተግባር፣ ግምገማ። ሁሉም የክፍል ኃላፊ የዓመቱን በሙሉ ሞልቶ እስከ ዓርብ እንዲያስገባ። ያላስገባ ክፍሉን ይነጠቃል።

የእህቴ ልጅ ቢሮው ድረስ ሄዳ ነገረችው።

«ዛሬ ላይ ሆኜ ልጆቹን በሠላሳኛው ሳምንት ምን እንደሚያማቸው በምን አውቃለሁ?»

«መምህርት፣ ሲታመሙ ለክሊኒክ ነው የሚያመለክቱት። ቅጹን ይሙሉ» አላት። ቀልዶ አይደለም።

አልሞላችውም። በሳምንት በሳምንቱ የሆነውን ጽፌ አስገባለሁ አለችው፤ እምቢ አለ። ቅጹን ጠመኔ ሳጥን ሥር ከትታ ወደ ክፍሏ ሄደች። ሐሙስ መጣ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ክፍሉን ቢነጥቋትስ? አርባ ሁለቱን ልጆች ከእጇ ቢወስዱባትስ? እሷ እንደሆነች ግትር ናት፣ በእናቷ ወጥታ።

አሁን እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሙ።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ቢሮዎች ሲጸዱ፣ መምህራን የዚያን ዓመት ሲሞሉት የኖሩት የክበባት እቅድ ክምሩ ቅርጫት ውስጥ ተጥሎ ነበር። ወረቀት አልጥልም፤ ለመስታወት መወልወያ ይሆናል። ክምሩ ውስጥ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረ አንድ መምህር የሞላው፣ ጽሕፈቱ ያማረ፣ ከላይ ስም የሌለው አንድ እቅድ አገኘሁ። ምክትሉ ለምክር ክፍለ ጊዜው የበተነው ቅጽ የክበባቱኑ ነው፤ ሠላሳ ስድስቱም ሳምንት ሞልቷል። የእህቴን ልጅ ስም ከላይ ጻፍኩበት። ፊርማዋን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳየው ኖሬያለሁ። ፈረምኩላት። ዓርብ ጠዋት የምክትሉን ቢሮ ስጠርግ ከሌሎቹ መሃል ሰካሁት። በሰባት ሰዓት «ታይቷል» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ፋይል ውስጥ ገብቷል።

ለእሷ አልነገርኳትም። ምክትሉ መጠየቁን ሲተው «ተወኝ፣ ገባው መሰለኝ» አለችኝ ደስ ብሏት። እኔም «ይመስገን» አልኩ። አፈር ያስበላኝና።

ሃያ ሳምንት እንዲህ አለፈ። ሠላሳ አራት ወንበር ተጠገነ። ከዚያ ሱፐርቫይዘሯ መጣች፤ ከበላይ መሥሪያ ቤት የተላከች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታደርግ ሴትዮ። ምክትሉ ክፍል ለክፍል ያዞራታል። በረቡዕ አራተኛው ክፍለ ጊዜ የእህቴ ልጅ ክፍል ገቡ። እቅዱን ከፋይል አውጥቶ በኩራት ሰጣት። ሴትየዋ አገላበጠችና ወደ ልጆቹ ዞረች።

«በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ምን ተማራችሁ?»

ልጆቹ ተያዩ። ያ የሚያፏጨው ተነሣ። «ኮላ ሳይደርቅ ወንበር ላይ መቀመጥ እንደማይቻል» አለ።

«እዚህ የሚለው "የአመራር ክህሎት በንግግር" ነው። ማን ንግግር አደረገ?»

ሴትየዋ ገጹን ገለበጠች።

«በሃያኛው ሳምንት ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊውን ሄዳችሁ አነጋግራችኋል ይላል። ምን አላችሁ?»

«የትኛው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ?» አለች አንዷ። «ሰውዬው አምና ጡረታ ወጥተዋል እኮ።»

እኔ በር ላይ ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ወረቀቱን ከሴትየዋ እጅ ተቀብላ አየችው። ስሟን አየች፣ ፊርማዋን አየች። ከዚያ ቀና ብላ በቀጥታ እኔን አየችኝ። «ቆይ» አላለችም። የፊርማዋ ጭራ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ እኔ ወደ ታች ነበር ያደረግኩት። አወቀች።

ምክትሉ ቢሮው አስጠራት። በሩ ክፍት ነው፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ እወለውላለሁ።

«በሐሰት እቅድ መሥሪያ ቤቱን አሳስተዋል!» ይላል። «እኔን አዋረዱኝ!»

እሷ ዝም። እኔን ላለማጋለጥ ነው፤ እሱን ሳውቅ አልቻልኩም፣ መወልወያውን ጥዬ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ እኔ ነኝ ያደረግኩት። እሷ አታውቅም።»

ዞሮ አየኝ። ፈገግ አለ እንኳ። «እማማ፣ የእህትዎ ልጅ መሆኗን አውቃለሁ። ቢያዝኑላት አይፈረድብዎትም። ግን እንዲህ ያለ እቅድ እርስዎ...» አለና በእጁ መወልወያዬ ያለበትን አቅጣጫ አመለከተ። «በሉ፣ ወደ ሥራዎ።»

ሃያ ዓመት ቢሮውን ጠርጌያለሁ፣ ከመሬት የወደቀ ወረቀቱን አንብቤ ወደየፋይሉ የምመልስለት እኔ ነኝ፤ መጻፍ ትችላለች ብሎ አያስብም! ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶውን አነሣሁና እፊቱ ባለው ወረቀት ላይ የእህቴን ልጅ ፊርማ ፈረምኩለት። ጭራው ወደ ታች።

«ይኸውልዎት። ደግሞ ጌታዬ፣ እኔ ማንበብ አልችልም ይበሉ፤ እርስዎ ግን ይችላሉ። "ታይቷል" ብለው ማኅተም የመቱበት እርስዎ ነዎት። ጡረታ የወጣውን ሰውዬ ስም አላዩትም?»

ፊቱ ደም ለበሰ። የፈረምኩበትን ወረቀት ቀስ ብሎ ቀደደው፤ ቅርጫቴ ውስጥ ጣለው። የኔ ነገር በዚያው ተዳፈነ፤ እኔን ከከሰሰ ማኅተሙ ይነሣበታላ። ተጠያቂ ግን ያስፈልገዋል።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ደረጃው ሥር መጣች። አልተቀመጠችም።

«ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ።»

«አዎ። እምቢ እል ነበር።»

«ክፍሉን እንዳይወስዱብሽ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«አንቺም እንደ እሱ ቅጹ ከሞላ ይበቃል አልሽ። ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ማን እንዳለ የምታውቂው አንቺ! እኔኮ ሃያ ሳምንት ሙሉ አሸነፍኩ ብዬ ነው የተኛሁት። ለካ አላሸነፍኩም። በውሸት ተሸፍኜ ነው።»

በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ምክትሉ ደብዳቤ አዘጋጀላት። እስከዚያው ረቡዕ አራተኛውን እንዳትገባ ታገደች፤ ከፈረመች ክፍሏ ይመለስላታል፣ ካልፈረመች ለሌላ መምህር ይሰጣል። ደብዳቤውን ቤት ይዛው መጣች፤ ተኮራርፈን ስለነበር ጠረጴዛው ላይ ጥላልኝ ወጣች። አነበብኩት። «ከጸደቀው እቅድ ውጭ ተማሪዎችን ያለ ዓላማ ወንበር በማስጠገን የመንግሥትን ጊዜ ማባከኔን አምኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል። ስትመለስ ጠበቅኳት።

«ፈርሚው» አልኳት። «ወረቀት ነው። ፈርሚና ልጆችሽ ጋ ግቢ።»

«ሁሉንም እፈርማለሁ» አለች። «ከእቅድ ውጭ፣ እሺ። ጊዜ አባከንኩ፣ እሺ፣ የፈለገውን ይበል። "ያለ ዓላማ" የሚለውን ግን አልፈርምም። ያ ልጅ ምስማር በጥርሱ ይዞ አባቴ ወጣ ሲል ያለ ዓላማ ነበር?»

«ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?»

«አንቺ ነሻ! ፋይል የምታነቢው አንቺ ነሽ። አንድ ቀን አውጥተው ሲጥሉት ታገኚዋለሽ።»

ሁለቱን ቃላት በእስክሪብቶ ሰርዛ ፈረመች። ምክትሉ መለሰላት። ደብዳቤ አይሰረዝም፤ ንጹሕ ኮፒ ይፈረም። እንደገና ሰረዘች። እንደገና ተመለሰ። ሦስት ሳምንት በሁለት ቃል ተጓተቱ። ሦስት ረቡዕ ልጆቹ ወንበር ላይ ተደርድረው የፈተና ልምምድ ሠሩ። በአራተኛው ክፍሉን ጨርሶ ነጠቃትና ለስፖርት መምህሩ ሰጠው።

የስፖርት መምህሩን ሁላችንም «ፊሽካ» ነበር የምንለው፤ ካንገቱ አይወርድም ነበርና። ደግ ሰው ነው፣ ትንሽ ሰነፍ። የሰጡትን እቅድ፣ ያንኑ ከቅርጫት የወጣውን እቅድ እኮ ነው፣ ይዞ ገብቶ አነበበላቸው። ሳምንት ሃያ አራት፣ ሰዓት አክባሪነት። የእህቴ ልጅ ከክፍሉ ጎን ባለው የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ከግድግዳው ወዲህ ማዶ ተቀምጣ ትሰማለች። እኔ ጠረጴዛውን እወለውላለሁ። ግድግዳው ላይ ጆሮዋን አላደረገችም፣ ግን ጀርባዋን አስደግፋ ነበር።

ሰዓቱ ሲያልቅ ፊሽካ ገባ፣ ወንበር ላይ ወደቀ።

«እህት፣ ሞቼ ነው የመጣሁት። አርባ ደቂቃ ሰዓት ስለማክበር! እኔ ራሴ አርፍጄ ነው የገባሁት። አንዱ ልጅ "ፊሽካ ንፉና ይብቃ" አለኝ። ምን ላድርግ፣ ንገሪኝ፤ ሁለተኛ እንዲህ አላነብም።»

የእህቴ ልጅ አየችው። ለስንት ሳምንት ያልሰማሁትን ቃል ሰማሁ።

«ቆይ» አለች።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ደረጃው ሥር ሦስት ሆንን። እኔን በሙሉ ልቧ ይቅር አላለችኝም፤ ግን የማውቀው ስላስፈለጋት ጠየቀችኝ፣ እኔም ነገርኳት። ፊሽካ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዛል። ረቡዕ ይገባል፣ በሩን ከፍቶ አምስት ደቂቃ ቅጹን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ምክትሉ በኮሪደር ሲያልፍ ይሰማና ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ በሩን ይዘጋል። የቀሩት ወንበሮች ተጠገኑ። የባንክ መስኮቱ ጨዋታ ቀጠለ። የክረምት ሥራ የሚፈልጉት ማመልከቻ ጻፉ፣ ተራ በተራ ለፊሽካ አነበቡለት፤ እሱም ልጅ ለሥራ እንደሚቀጥር አሠሪ ፊቱን አኮሳትሮ እየጠየቀ አዋከባቸው። ሁሉም የሷ ነው። እሷ ግን አንድም ጊዜ ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። ልጆቹ ኮሪደር ላይ ሲያገኟት «ቲቸር፣ ዛሬ እንዲህ ሆነ» ብለው ይነግሯታል፤ እሷም እንዳላወቀች ሆና ትሰማለች።

በዓመቱ መጨረሻ መምህራኑ ሁሉ አዳራሽ ተሰበሰቡ። እኛ የጽዳት ሠራተኞች ከኋላ ቆምን። ከተቀመጡባቸው ወንበሮች አብዛኞቹን የጠገኗቸው ልጆቹ ናቸው፤ ምክትሉ በንግግሩ «በአመራሩ ክትትል ስልሳ ወንበር ታድሷል» አለ። ጥርሴን ነከስኩ። ቀጥሎ፣ «የዓመቱ ምርጥ አማካሪ መምህር» ብሎ ፊሽካን ጠራው። እቅዱን ሳምንት በሳምንት ሳያዛንፍ ስለፈጸመ ነው አለ። ሰው አጨበጨበ። ፊሽካ ቲማቲም መስሎ ወጣ፣ ተቀበለ፣ ወረደ፤ ቀጥ ብሎ ወደ እህቴ ልጅ ሄዶ ምስክር ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠው።

«ያንቺ ነው» አላት። «አፍሬያለሁ።»

«ስምህ ተጽፎበታል» አለችው፣ መልሳ ሰጠችው። እየሳቀች ነበር።

ስትወጣ በር ላይ ያዝኳት።

«ምንድነው የሚያስቅሽ? አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ቀምተውሽ፣ በላዩ ላይ ሸልመውበት!»

«ልጆቹ አርባ ደቂቃቸውን አገኙ፣ አክስቴ።»

«ሠላሳ አምስት» አልኳት። «አምስቱን ቅጹ በልቶታል።»

ሳቋ ቆመ። ወደ አዳራሹ ዞራ አየች፤ ምክትሉ ማይክራፎኑን እየነካካ ነበር። «አዎ» አለች ቀስ ብላ። «አምስቱን በልቶታል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ የኔን ንዴት አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድም ክፍል በኃላፊነት አልሰጧትም። ፋይሏ ውስጥ ያልተፈረመ ደብዳቤ አለ ተብሎ ነው። ምክትሉ አድጎ ሄደ፤ ቅጹ ግን አለ፤ ገጹ ጨምሯል ይሉኛል። እሷ ይቅር ብላቸዋለች፤ ጠባይዋ ነው። እኔንም ይቅር ብላኛለች፣ በአፏ ባትለውም። እኔ ግን ለምክትሉም ለራሴም ይቅር አላልኩም። አርባ ሁለት ልጆች አንድ ሰው ነበራቸው፤ ስማቸውን የምታውቅ። በረቡዕ አራተኛ ክፍለ ጊዜ ከግድግዳ ወዲህ ማዶ አስቀመጥናት።